የመጨረሻው ቦኖ ውሃ

በአብዛኞቹ ትንንሽ ከተሞቻችን የቧንቧ ውሃ የሚመጣበት መንገድ ይመሳሰላል። ከከተማው ወጣ ብሎ ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ ሰርጓጅ ፓምፕ ይገባበታል፤ ፓምፑ ውሃውን ገፍቶ ኮረብታ ላይ ወደተሠራው ማጠራቀሚያ ያወጣዋል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ሥራ ቁልቁለቱ ይጨርሰዋል። ውሃው በራሱ ክብደት ወርዶ ከዋናው መስመር ወደ ሰፈር፣ ከሰፈር ወደ ግቢ ቧንቧና ወደ ቦኖ ይደርሳል። ወንዝ ወይም ግድብ የሚጠቀሙ ከተሞች ሥራቸው ይበዛል። ጎንደር ከአንገረብ ግድብ የምትቀዳውን ውሃ እንዳለ ማጠጣት አትችልም፤ ደለሉ በኬሚካል ተይዞ መዝቀጥ፣ የቀረውም በአሸዋ መጣራት አለበት። የጥልቅ ጉድጓድንና የምንጭን ውሃ ግን መሬት ራሷ አጣርታ ስለምትሰጥ ብዙ ጊዜ ይህ ሁሉ ጣጣ አይኖረውም። ውሃዋን ከምንጭ የምትቀዳው አርባ ምንጭ የታደለችው በዚህ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው መሥሪያ ቤት የከተማው ውሃ አገልግሎት ነው። የሚቆጣጠረው ቦርድ አለው፤ የዕለት ወጪውን ከሚሰበስበው የውሃ ሒሳብ እንዲሸፍን ይጠበቅበታል። በትንሽ ከተማ ሠራተኞቹ ቢቆጠሩ ብዙ አይሆኑም፦ ሥራ አስኪያጅ፣ ሒሳብ ሠራተኛ፣ ቆጣሪ አንባቢ፣ ጥቂት የቧንቧ ሠራተኞች፣ ጥበቃ፣ ከዚያም ፓምፑን የሚያስነሳና የሚያጠፋ ኦፕሬተር። ሥራ አስኪያጁን በስብሰባ ላይ እናየዋለን፤ ቆጣሪ አንባቢው በየወሩ በራችንን ያንኳኳል። ኦፕሬተሩን የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ከሁሉም በፊት መተዋወቅ የሚገባን ከእሱ ጋር ነው፤ ክሎሪን የሚጨምረው እሱ ነውና።

ክሎሪኑ በብዛት የሚመጣው በበርሜል ወይም በባልዲ የታሸገ ነጭ ዱቄት ሆኖ ነው። ባለሙያዎቹ ካልሲየም ሃይፖክሎራይት ይሉታል፤ ከክብደቱ ከ65 እስከ 70 በመቶው የሚሠራው ክሎሪን ነው። ስሌቱን እንየው። 200 ሜትር ኩብ የሚይዝ ማጠራቀሚያ አለ እንበል፤ ይህ 200,000 ሊትር ነው። በእያንዳንዱ ሊትር 1 ሚሊግራም ክሎሪን እንዲኖር ከተፈለገ የሚያስፈልገው ንጹሕ ክሎሪን 200 ግራም ብቻ ነው፤ በዱቄቱ ሲሰላ 300 ግራም ገደማ። ለአንድ ቀን ለሺዎች የሚበቃ ውሃ የሚጠበቀው ከሩብ ኪሎ ጥቂት በሚበልጥ ዱቄት ነው ማለት ነው። ዱቄቱ መጀመሪያ በባልዲ ውሃ ይበጠበጣል፤ ኖራ መሰል ዝቃጩ እስኪወርድ ይጠበቃል፤ ከላይ የጠራው ብቻ ተቀድቶ በቀጭን ቱቦ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ማጠራቀሚያው ይገባል። ኦፕሬተሩ ቸኩሎ ዝቃጩን አብሮ ከጨመረው ቱቦው ይደፈናል፤ ጠብታው ሲቆም ደግሞ ማንም አያውቅም፣ ውሃው እንደሆነ እንደወትሮው መውረዱን ይቀጥላል። ዱቄቱም ቢሆን ሙቀትና እርጥበት ባለበት መጋዘን ከከረመ ጉልበቱ ይደክማል፤ በመዝገቡ ላይ ግን ያው 300 ግራም ተብሎ ይጻፋል።

ክሎሪን ተህዋስያንን የሚገድለው ወዲያው አይደለም። ቢያንስ 30 ደቂቃ ከውሃው ጋር መቆየት አለበት፤ ማጠራቀሚያው ከሚጠቅምባቸው ነገሮች አንዱ ይህን ጊዜ መስጠቱ ነው። ከገደለ በኋላ ደግሞ የተረፈው ክሎሪን ከውሃው ጋር አብሮ መጓዝ ይኖርበታል። ይህ ትራፊ ለመንገድ የተሰነቀ ስንቅ ነው፤ መንገድ ላይ ቆሻሻ ቢገባ የሚከላከለው እሱ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ከማጠራቀሚያው ሲወጣ በሊትር 0.5 ሚሊግራም፣ ቧንቧው ላይ ሲደርስ ቢያንስ 0.2 ሚሊግራም ክሎሪን እንዲተርፍ ይመክራል። በ100 ሚሊሊትር ውሃ ውስጥ ደግሞ ኢ ኮላይ የሚባለው የዓይነ ምድር ባክቴሪያ አንድም መገኘት የለበትም።

መለኪያው ውድ ዕቃ አይደለም። በመዳፍ የምትያዝ የፕላስቲክ ሳጥን ናት። ትንሿ ቱቦዋ በቧንቧ ውሃ ትታጠባለች፤ እስከ ምልክቱ ድረስ ትሞላለች፤ ዲፒዲ የምትባል ክኒን በእጅ ሳትነካ ከእሽጉ በቀጥታ ትጨመርባታለች፤ ክኒኗ እስክትሟሟ ቱቦዋ ትናወጣለች። ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል፤ ብዙ ካለ ሮዙ ይጠቁራል። ከጎን ካለው የቀለም ሰሌዳ ጋር በብርሃን ተያይቶ ቁጥሩ ይነበባል። ጠቅላላው ሥራ ከሁለት ሦስት ደቂቃ በላይ አይፈጅም። ውሃው እንደነበረ ከቀረ፣ ቀለሙ ካልተለወጠ፣ ክሎሪን የለም። ፍሬ ነገሩ የት ይለካ የሚለው ነው። ማጠራቀሚያው ሥር ለክቶ ጥሩ ቁጥር ማግኘት ቀላል ነው። መለካት ያለበት ከመስመሩ ጫፍ፣ ከሁሉም ርቆ ካለው ቦኖ ላይ ነው።

ክሎሪኑ መንገድ ላይ የሚያልቀው ለምንድን ነው? ትልቁ ምክንያት ፈረቃ ነው። መብራት ጠፋ፣ የጄኔሬተሩ ናፍጣ አለቀ፣ ወይም ውሃው ለሁሉም ስለማይበቃ ሰፈር በሰፈር ይታደላል። መስመሩ ሙሉ ሆኖ ግፊት ሲኖረው በስንጥቁ በኩል ውሃ ወደ ውጭ ይወጣል እንጂ ቆሻሻ ወደ ውስጥ አይገባም። ግፊቱ ሲሞት ነገሩ ይገለበጣል፤ ባዶው ቧንቧ በዙሪያው ያለውን እርጥበት ወደ ውስጥ ይስባል። ቧንቧው በፍሳሽ ቦይ ውስጥ ካለፈ ወይም ከሽንት ቤት ጉድጓድ አጠገብ ከሆነ የሚስበው ምን እንደሆነ መናገር አያስፈልግም። ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደው ይኸው ነው፤ የተረፈውን ክሎሪንም የሚጨርሰው ይኸው ቆሻሻ ነው። እናቶቻችን ይህንን ያለ ላቦራቶሪ አውቀውታል፤ በፈረቃ ቀን የመጀመሪያውን ውሃ ለወለል ማጠቢያ የሚያደርጉት በከንቱ አይደለም።  

ሁለተኛው ምክንያት እኛው ነን። ውሃው በረኪና በረኪና ሲሸት አገልግሎቱ ቢሮ ሄደን እንጮሃለን። ሳይሸት ሲቀር ግን ማንም አይጮህም። የሕዝብ ጩኸት የበዛበት ኦፕሬተር ዱቄቱን ቀነስ ቢያደርግ ማን ይፈርድበታል?

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳልሆነ የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ። ዎከርተን በካናዳ፣ በኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር የምትገኝ 4,800 ያህል ሰው የሚኖርባት የገበሬዎች ከተማ ነበረች። እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 ለቀናት ከባድ ዝናብ ጣለ። ዝናቡ በአቅራቢያው ካለ እርሻ የከብት ፍግ አጥቦ ጥልቀት ወደሌለው አምስተኛው የከተማው ጉድጓድ አስገባ። በፍጉ ውስጥ አደገኛው የኢ ኮላይ ዝርያ ነበረበት። ክሎሪን መጨመሪያው በቂ መጠን እየሰጠ ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ይገድለው ነበር፤ የሚሰጠው ግን ከሚፈለገው በታች ነበር። ኦፕሬተሮቹ በየቀኑ መለካት ሲገባቸው ሳይለኩ በመዝገቡ ላይ 0.5 ወይም 0.75 ብለው ይሞሉ ነበር። ክፋት አልነበረም፤ ውሃውን ራሳቸውም ይጠጡት ነበር፣ ንጹሕ እንደሆነ ያምኑ ነበር፤ ነዋሪዎቹም ስለ ክሎሪን ጣዕም ያማርሩ ነበር። ላቦራቶሪው ውሃው መበከሉን ሜይ 17 ለውሃ መሥሪያ ቤቱ አሳወቀ። ሥራ አስኪያጁ ለጤና ቢሮው አልተናገረም፤ ሲጠይቁትም ውሃው ደህና ነው አላቸው። «ውሃውን አፍልታችሁ ጠጡ» የሚለው ማስጠንቀቂያ የወጣው ሜይ 21 ነው። 7 ሰዎች ሞቱ፤ 2,300 ያህል ታመሙ። ነገሩን የመረመሩት ዳኛ ዴኒስ ኦኮነር እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ሪፖርት በጉድጓዱ ላይ ያለማቋረጥ ክሎሪንን የሚለካ መሣሪያ ቢኖር ኖሮ ወረርሽኙን መከላከል ይቻል እንደነበር ጽፈዋል። በሀብታም አገር፣ ቤተ ሙከራና ስልክና ፋክስ ባለበት፣ አንዲት ከተማ የታመመችው ማንም ባልለካው ቁጥር ምክንያት ነው።

እኛ ዘንድ ደግሞ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) እያልን የምንጠራው በሽታ በየጊዜው ይመላለሳል። እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ አበባ ሳይቀር ገብቶ ነበር። ከአተት መንስኤዎች አንዱ የሆነው የኮሌራ ባክቴሪያ በክሎሪን ፊት ደካማ ነው፤ በደንብ የታከመ ውሃ አያሳልፈውም። ጃርዲያን የመሰሉ ጥገኛ ተህዋስያን ግን ጠንከር ያሉ ናቸው፤ እነሱን ለመከላከል ማጣራትም ያስፈልጋል።

ክሎሪን ጨርሶ የማይነካው ችግርም አለ። በስምጥ ሸለቆ የሚገኙ ብዙ ጉድጓዶች ከእሳተ ገሞራው ድንጋይ ፍሎራይድ ይሟሟባቸዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ በወንጂ አካባቢ ከ10 ሚሊግራም በላይ የተለካባቸው ጉድጓዶች ነበሩ። ሕፃናት ጥርሳቸው ቡናማ ሆኖ ያድጋል፤ ለብዙ ዓመታት የጠጡ ሰዎች አጥንታቸው ይደድራል፣ ጀርባቸው ይጎብጣል። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት በዚሁ ጉዳይ የሠሩት ምርምር በዓለም ይታወቃል። ፍሎራይድ ያለበት ውሃ ቢፈላ አይሻለውም፤ ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንዲያውም ይጠነክራል። መፍትሔው ፍሎራይዱ ከሚያንስበት ሌላ ምንጭ ማምጣት ወይም መቀላቀል፣ ካልሆነም በከሰለ አጥንት ማጣራት ነው። በድሬዳዋ ጀበና ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ግን ሌላ ነገር ነው፤ ኖራ ነው፣ ዕቃ ያበላሻል እንጂ ሰው አይጎዳም። ተቀድቶ ሲቆም የሚቀላው ውሃ ብረት አለበት፤ ልብስ ያበላሻል፣ ጣዕሙም ደስ አይልም። ከቧንቧ እንደወተት ነጭ ሆኖ ወጥቶ ከብርጭቆው ሥር ወደ ላይ እየጠራ የሚሄደው ደግሞ አየር ብቻ ነው። ዓይን የሚያየው ነገር ሁሉ ጎጂ አይደለም፤ ኮለል ብሎ የሚወርደውም ሁሉ ደህና አይደለም።

ውሃው ከቦኖ ከተቀዳ በኋላ ያለው ጉዳይ የእኛ ኃላፊነት ነው። የማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2016 በቤተሰብ ጥናቱ ውስጥ የውሃ ምርመራ ጨምሮ ነበር፤ ከምንጩ ደህና ሆኖ የተቀዳ ውሃ ቤት ውስጥ ተበክሎ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አልነበረም። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አፉ ጠባብ የሆነ ጀሪካን ውስጡ አይታጠብም፤ ባልዲ ውስጥ ጣሳ ሲነከር እጅም አብሮ ይነከራል። ጣሪያ ላይ ያለ ሮቶም ፀሐይ ሲመታው ክሎሪኑ ይጠፋል፤ በዓመት ሁለት ጊዜ እንኳ ካልታጠበ ታችኛው ጭቃ ይሆናል። ጥርጣሬ ያለው ሰው እንደ ውሃ አጋር ያለ መድኃኒት በጠርሙሱ ላይ በተጻፈው ልክ ጨምሮ 30 ደቂቃ ይጠብቅ። ማፍላትም ያው ይሠራል። ደብረ ብርሃን ከፍታዋ ከ2,800 ሜትር ስለሚበልጥ ውሃ እዚያ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሆኖም ተህዋስያኑን ለመግደል ይበቃል፣ ሦስት ደቂቃ እየተንፈቀፈቀ እንዲቆይ ማድረግ ብቻ ነው።

አንድ ቅሬታ አለኝ። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ከ20,000 በታች ሕዝብ ላላቸው ከተሞች የተቀመጠው መለኪያ ለአንድ ሰው በቀን 40 ሊትር፣ በ250 ሜትር ርቀት ውስጥ የሚል ነበር። መለኪያው ጥሩ ነው። ነገር ግን ሪፖርት ሲቀርብ፣ ፕሮጀክት ሲመረቅ፣ ሪባን ሲቆረጥ የሚነገረው ስንት ሊትርና ስንት ሺህ ተጠቃሚ የሚለው ነው፤ በመጨረሻው ቦኖ ላይ ስንት ክሎሪን ተገኘ የሚል ንግግር ሰምቼ አላውቅም። የማይጠየቅ ቁጥር ደግሞ ወይ አይለካም፣ ወይ እንደ ዎከርተን በእስክሪብቶ ይሞላል።

እናም በሚቀጥለው ወር የውሃ ሒሳብ ልትከፍሉ ስትሄዱ ገንዘብ ያዡን አልፋችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ በዚህ ሳምንት ከመስመሩ ጫፍ ባለው ቦኖ ላይ የተለካው ክሎሪን ስንት ነው፣ የለካውስ ማን ነው? ቁጥሩ 0.2 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ኦፕሬተሩን አመስግኑልን። መዝገቡ ከሌለ ቦርዱ እንዲከፍት ጠይቁ፤ ቁጥሩም የሒሳብ መክፈያ ቀን በሚለጠፍበት ሰሌዳ ላይ በየሳምንቱ ይለጠፍ።