ዶላር ወይስ ዩሮ?

ብልህ ከሌላው፣ ሞኝ ከራሱ ይማራል ይባላል። እኔ ከራሴ ተምሬያለሁ።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት ከባለቤቴ ጋር ሮምን ልናይ ሄደን የሆቴል ሒሳብ 300 ዩሮ መጣ። የፖስ ማሽኑ «በዶላር ወይስ በዩሮ?» ሲል ጠየቀ። ካርዴ የዶላር ስለሆነ ዶላር መረጥኩ። ማታ ደረሰኙን ሳሰላው ከዕለቱ ተመን 16 ዶላር ያህል በልጦ አገኘሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዩሮ ከመረጥን ምንዛሪው የሚሰላው በቪዛ ወይም በማስተርካርድ ተመን ነው፤ ከገበያው ብዙ አይርቅም። ዶላር ከመረጥን ግን መንዛሪው የነጋዴው አገልግሎት ሰጪ ይሆንና የራሱን ትርፍ ይጨምራል፤ ብዙ ጊዜም ለነጋዴው ያካፍላል። ባንካችን ለውጭ ክፍያ የሚቆርጠው ካለ እሱም ላይቀር ይችላል።

አቤት ልበል ብዬ አስቤ ነበር። ሆኖም ሕግ ተምሬ ይህን አላጣውም፤ ተመኑ ተጽፎ ቀርቦልኝ ሳላነብ ፈርሜያለሁ። በገዛ ፈቃድ የተስማሙበትን መልሶ መሟገት ከባድ ነው። በካርድ ድርጅቶቹ ደንብ ግን ምርጫው የባለካርዱ ነው። አስተናጋጁ ሳይጠይቃችሁ ዶላር ከተጫነ፣ ሳትፈርሙ ተሰርዞ በዩሮ እንዲሠራ ጠይቁ።

ኤቲኤምም ይህንኑ ይጠይቃል። ምንዛሪውን አልቀበልም ብትሉም ገንዘቡ መውጣቱ አይቀርም፤ በካርዳችሁ ተመን ይታሰባል።

የውጭ ምንዛሪ በአገራችን እንዴት እንደሚገኝ ለምታውቁ አንባቢያን የ16 ዶላርን ዋጋ አልነግራችሁም። በሄዳችሁበት ሁሉ በአገሩ ገንዘብ ክፈሉ።