በአብሽ ጣሳ የሚሰፈር አፈር

የሄድኩት አብሽ ልገዛ ነበር። መርካቶ ቅመም ተራ፣ ከላስቲክ ጥላ ሥር የተቀመጠችው ነጋዴ የእኔን ሰፍራ እንደጨረሰች በዚያችው ጣሳ ከጎኗ ካለው ማዳበሪያ ግራጫ ዱቄት ዝቃ ለአንዲት ወጣት ፌስታል ሞላችላት። ልጅቱ በጣቷ ቆንጠር አድርጋ ጉንጯን አሸት አሸት አደረገችው።

«ለማድያት ይሆናል አይደል?»

«ለማድያትም ለቡግርም። በእርጎ ለውሺው።»

ቤት ስደርስ ከአብሹ ላይ ግራጫ ብናኝ አገኘሁ። ባለቤቴ አበጥራ ተጠቀመችበት። እኔን ግን ነገሩ አልለቀቀኝም።

በሳምንቱ ተመልሼ አፈሩ ከየት እንደሚመጣ ጠየቅኳት። «ከአፋር» አለችኝ። በሌላ ቀን ስሄድ «በጅማ መስመር ነው» ሆነ። በሦስተኛው «የሚያመጣልኝ ልጅ ነው የሚያውቀው» ብላ ተገላገለች። ሌላው ወሬዋ ግን አይጠገብም። «ወንድሜ፣ መድኃኒት ነው ብል ፈቃድ አምጪ ይሉኛል። አፈር ነው የምሸጠው። ለአፈር ማን ፈቃድ ይጠይቃል?» ትላለች። ደንበኛዋን ቢጎዳስ ብዬ ስጠይቃት ሳቀች። «ኋላ ሁላችንም የምንለብሰው እሱን አይደል? እኔ በቁማቸው አለማምዳቸዋለሁ።»

አፈርን ከገላ ማገናኘት ቲክቶክ ያመጣው ነገር እንዳልሆነ አንባቢ ያውቃል። እምነት በውሃ በጥብጦ ግንባሩን ያልተቀባ ስንት ሰው አለ? ላሊበላ የሄደ ምዕመን ከቤተ ጎልጎታ፣ ከንጉሥ ላሊበላ መቃብር አፈር ቆንጥሮ ለታመመ ዘመድ ይዞ ይመለሳል። የሐመር ሴቶች ቀይ አፈር በቅቤ ለውሰው ጠጉራቸውን ይሠሩበታል። ነፍሰ ጡር የግድግዳ ምርጊት ሲያምራት ጎረቤት አይገረምም። ከብቱም ቢሆን ቦሌ የሚባለውን አፈር ይልሳል። ልዩነቱ እነዚህ ሁሉ ቦታቸው መታወቁ ነው። የላሊበላን አፈር ያመጣ ሰው «ያመጣልኝ ልጅ ያውቃል» አይልም።

የጥንቶቹ ነጋዴዎችም በዚህ አይቀልዱም ነበር። በኤጂያን ባሕር ካለችው ከሌምኖስ ደሴት የሚወጣ ቀይ አፈር ለመርዝና ለቁስል መድኃኒት እየተባለ ይሸጥ ነበር። የደሴቲቱ ካህን፣ ሴት ናት፣ አፈሩን በውሃ ታጥባለች፤ ደለሉን አጥልላ፣ ጠፍጠፍ አድርጋ ማኅተም ትመታበታለች። ማኅተም ከሌለው የሌምኖስ አይደለም። ሐኪሙ ጋለን በ2ኛው ክፍለ ዘመን ይህን በዓይኑ ለማየት በመርከብ ተሳፍሮ ሄደ። ሲመለስ 20 ሺህ ያህል የታተመ የአፈር ጥፍጥፍ እንደያዘ ራሱ ጽፏል፤ ትንሽ ነጋዴነትም ሳይኖርበት አይቀርም።

ከዚያ በኋላም አፈር በሰፈሩ ይጠራል። ካኦሊን የሚባለው አፈር ስሙን ያገኘው ቻይና ውስጥ፣ በሸክላ ሥራ በታወቀችው ጂንግዴዠን አጠገብ ካለው ጋኦሊን ነው። እህቶቻችን ከዓረብ አገር በሻንጣ የሚያመጡት ሙልታኒ ሚቲ የፓኪስታኗ የሙልታን አፈር ማለት ነው። የእኛም ካኦሊን ሰፈር አለው፤ ጉጂ ውስጥ፣ በክብረ መንግሥት አቅራቢያ ያለው ቦምቦውሃ። ለውሃ ማጣሪያ የሚሆነው አሉሚኒየም ሰልፌት ከካኦሊን ሊሠራ ይችላል።

ግራጫው ዱቄት፣ ሻጮቹ እንደሚሉት፣ ቤንቶናይት የተባለው አፈር ከሆነ መነሻው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ውስጡ እንደተደራረበ እንጀራ ስስ ስስ ገጽ አለው። ውሃ በመካከል ሲገባ ያብጣል፤ ቅባትም ይመጥጣል። ፊት የሚወዛ ሰው ታጥቦ ሲነሳ ቆዳው ፈካ ቢልለት ውሸት አይደለም። ማድያት ግን የቆዳ ቀለም ጉዳይ ነው፤ ቅባት በመምጠጥ አይለቅም። ደርቆ እስኪሰነጠቅ ፊት ላይ መተውም ቆዳን ከማድረቅ ሌላ ትርፍ የለውም።

አፈር አይፈውስም ማለቴ አይደለም። ሊን ብሩኔ ደ ኩርሱ የምትባል ፈረንሳዊት ኮትዲቯር ውስጥ ቡሩሊ አልሰር የተባለውን ሥጋ የሚበላ ቁስል በአገሯ ሁለት ዓይነት አረንጓዴ አፈር ታክም ነበር። የአሪዞና ስቴት ዩኒቨርሲቲዎቹ ሊንዳ ዊሊያምስና ሼሊ ሄደል ሁለቱን አፈሮቿን ላቦራቶሪ አስገቧቸው። በማዕድን ይዘታቸው መንትያ ሊባሉ ይችላሉ። አንደኛው ባክቴሪያዎችን ገደለ። ሁለተኛው አራባቸው።

ይህን ይዤ አንድ ኃላፊ ዘንድ ሄድኩ። «ጥያቄዎን በደብዳቤ» አሉኝ። በደብዳቤ አመጣሁ። «ይህማ የማዕድን ነው» ተባልኩ። የማዕድኑ ሰው ደግሞ «ፊት ላይ ከተቀባ መዋቢያ ነው» አለኝ። ወደ መጀመሪያው ስመለስ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ፤ በሚቀጥለውም ሳምንት፣ በሚቀጥለውም። አሜሪካኖች ግን እ.ኤ.አ. በ2016 ሁለት የቤንቶናይት ምርቶችን መርምረው እርሳስ የተባለውን መርዛማ ብረት ስላገኙባቸው ሕዝባቸውን አስጠንቅቀዋል። የታሸጉ፣ ስም ያላቸው ምርቶች ነበሩ። በፌስታል የሚሸጠውን፣ አንዳንዱ እንዲያውም «ሆድ ያጥባል» ተብሎ የሚጠጣውን፣ ማን መርምሮት ያውቃል?

ነጋዴዋ በበጋ ሐሩር ካልሲና ሸራ ጫማ ታደርጋለች። ምክንያቱን አልጠየቅኳትም፤ ራሷ ነገረችኝ። «እናቴ ዝሆኔ ነበረባት። ሐኪሙ አፈር ነው እግሯን ያሳበጠው አለ። እኔ አላመንኩም፤ አስደግመውባት ነው። ግን ይኸው በባዶ እግሬ ረግጬ አላውቅም።»

ሐኪሙ ልክ ነበር። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚሁ አገራችን ይህን ዓይነቱን ዝሆኔ ሲያጠና፣ በወባ ትንኝ ሳይሆን በደጋው ቀይ አፈር እንደሚመጣ አሳይቷል። ደቃቁ ብናኝ በባዶ እግር ቆዳ በኩል ገብቶ የሊምፍ ቧንቧዎችን ያስቆጣል። በሽታው የሚጠናው በዘሩ ተጋላጭ በሆነው ላይ ነው። በአገራችን 1.5 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች እንዳለባቸው ይገመታል፤ ጫማና የእግር መታጠቢያ ውሃ የሚከላከሉት በሽታ ነው። ተመራማሪዎች ከሚጠረጥሯቸው ማዕድናት አንዱ ስሜክታይት ይባላል። ቤንቶናይት የሚባለው አፈር ዋና አካልም ስሜክታይት ነው። በሳምንት አንዴ ፊት መቀባትና ዕድሜ ልክ በባዶ እግር ማረስ አንድ አይደሉም፤ ማንንም ለማስደንገጥ አልፈልግም። ይህንኑ ለነጋዴዋ ስነግራት ዝም ብላ ሰማችኝ። «እሺ፤ ታዲያ የእናቴ ፊት ለምን አላበጠም?» አለች።

መጨረሻ የሄድኩ ቀን አዲስ ጣሳ ገዝቼላት ነበር፤ አንዱ ለአብሽ አንዱ ለአፈር እንዲሆን። መርቃ ተቀበለችኝና ለሚጥሚጣው አደረገችው።