የጎማው መብራት ለምን ጠፋ?

እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2024 ቴስላ አሜሪካ ውስጥ ወደ 700,000 በሚጠጉ መኪኖቹ ላይ የሪኮል ጥሪ አወጣ። ጥሪው ሞዴል 3ን፣ ሞዴል ዋይንና ሳይበርትራክን የሚመለከት ነበር። የተበላሸው ፍሬን ወይም መሪ አይደለም። የጎማ ንፋስ ሲጎድል የምትበራው ቢጫ ምልክት፣ መኪናው ቆሞ እንደገና ሲነሣ በርታ መቆየት ሲገባት ልትጠፋ መቻሏ ነው ጉድለቱ። ኩባንያው በዚህ ሰበብ የደረሰ አደጋ እንደማያውቅ ገለጸ። ጥገናውም በኢንተርኔት የሚጫን ነጻ የሶፍትዌር ማሻሻያ ስለሆነ ባለንብረቱ ጋራዥ መሄድ እንኳ አላስፈለገውም።

ቶሮንቶ ውስጥ በታክሲ፣ በኡበርና በዕቃ ማድረስ የሚተዳደሩ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ቀኑን ሙሉ 401 አውራ ጎዳና ላይ ለሚውል ሰው አንዲት ትንሽ መብራት ይህን ያህል ማነጋገሯ ሊገርመው ይችላል። መብራቷ ዳሽቦርድ ላይ የገባችው ግን ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው።

በኦገስት 2000 ፋየርስቶን 6.5 ሚሊዮን ጎማ ከገበያ እንዲሰበሰብ ጥሪ አደረገ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ፎርድ ኤክስፕሎረር ላይ የተገጠሙ ነበሩ። መኪናው በፍጥነት እየሄደ ሳለ መንገዱን የሚነካው የጎማው ንጣፍ ተገንጥሎ ይወጣና ኤክስፕሎረሩ ይገለበጣል። የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከእነዚህ ጎማዎች ጋር ያያያዘው ሞት 271 ደርሷል። በምርመራው ወቅት ካከራከሩት ጉዳዮች አንዱ የንፋሱ መጠን ነበር፤ ፎርድ 26 ፒኤስአይ ይበቃል ሲል ፋየርስቶን 30 መሆን አለበት ይል ነበር።

አራት ፒኤስአይ ምን ያህል ለውጥ ያመጣል? የመኪናውን ክብደት የሚሸከመው ላስቲኩ ሳይሆን ውስጡ የታመቀው አየር ነው። አየሩ ሲጎድል የጎማው ጎን መሬት በነካ ቁጥር ከልኩ በላይ ይታጠፍና ይዘረጋል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር በሚነዳ መኪና አንድ ጎማ በደቂቃ 800 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ መታጠፉም እንዲሁ 800 ጊዜ ነው ማለት ነው። ሽቦ ደጋግመን ስናጣጥፈው እንደሚግል ሁሉ ጎማውም ከውስጥ እየጋለ ይሄዳል። ሙቀቱ ላስቲኩንና ከሥሩ ያለውን የብረት ሽቦ መረብ ያጣበቀውን ያላቅቀዋል። ከውጭ ሲታይ ግን ጎማው ደህና ይመስላል። የዛሬ ጎማ ጎኑ ጠንካራ ስለሆነ ሩብ ያህል ንፋስ ቢጎድለው እንኳ በዓይን አይታወቅም፤ በእግር መታ አድርጎ መፈተሽም ፋይዳ የለውም።

ከዚያ እልቂት በኋላ በኖቬምበር 2000 ፕሬዚዳንት ክሊንተን አዲስ ሕግ ፈረሙ። መብራቷን የወለዳት ይህ ሕግ ነው። አወላለዷ ግን ቀላል አልነበረም። መሥሪያ ቤቱ በ2002 ያወጣው የመጀመሪያ መመሪያ ለመኪና ሠሪዎች ርካሹን መንገድም ፈቀደላቸው። ይህ መንገድ ንፋሱን በቀጥታ አይለካም። ንፋሱ የጎደለ ጎማ በመጠኑ ስለሚያንስ ከሌሎቹ ፈጠን ብሎ ይዞራል፤ መሣሪያውም የፍሬን ሲስተሙን የፍጥነት መቁጠሪያ ተጠቅሞ አራቱን ያወዳድራል። ብልህ ዘዴ ነው፤ ነገር ግን አራቱም እኩል ሲጎድሉ የሚወዳደር ነገር የለም። ፐብሊክ ሲቲዝን የተባለው የሸማቾች ተሟጋች ድርጅት ከሰሰ፤ ኒውዮርክ ያለው የይግባኝ ፍርድ ቤትም በ2003 መመሪያውን ሻረው። በ2005 የወጣው አዲሱ መመሪያ አንድም ጎማ ይሁን አራቱም፣ አምራቹ ካዘዘው መጠን 25 በመቶ ሲጎድል መብራቱ በ20 ደቂቃ ውስጥ እንዲበራ አዘዘ። ከሴፕቴምበር 2007 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ አዲስ ቀላል መኪና ሁሉ ይህን ማሟላት ግዴታው ሆነ።

አራቱ ጎማ እኩል መጉደሉን ለቶሮንቶ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ በየክረምቱ የሚያየው ነው። በኦክቶበር፣ 15 ዲግሪ በሆነ ቀን ጎማችንን 33 ፒኤስአይ አስሞላን እንበል። ጎማ ቀዳዳ ባይኖረውም በወር አንድ ፒኤስአይ ያህል ያጣል፤ በጃንዋሪ 30 ላይ ወርዷል። ከዚያ አንድ ጠዋት ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ይገባል። የታመቀ አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ስለሚቀንስ ያ 30 የነበረው 24.6 ይሆናል። ለ33 ጎማ የመብራቷ ድንበር 24.75 ነው። ስለዚህ ማንም ሳይነካው፣ ሚስማር ሳይወጋው መብራቱ በራ።

ሾፌሩ ሥራ ስላለበት መንዳቱን ይቀጥላል። ጥቂት ከሄደ በኋላ ጎማው ይሞቃል፣ ግፊቱ ወደ 27 ወይም 28 ከፍ ይላል፣ መብራቱም ይጠፋል። መሣሪያው በትክክል ሠርቷል፤ ግፊቱ ከድንበሩ በላይ ስለወጣ ዝም አለ። ጎማው ግን አሁንም ከሚያስፈልገው አምስት ስድስት ፒኤስአይ ጎድሎት በሙሉ ፍጥነት እየተጓዘ ነው። ደጋግሜ ለወዳጆቼ የምለው ይህንኑ ነው፦ መብራቱ የሚነግረን ጎማው አደጋ ላይ መድረሱን ነው፤ ስለ ጤንነቱ የሚነግረን ነገር የለም። መብራቱን የጎማ መለኪያ አድርጎ የያዘ ሰው ሩብ ንፋሱን እስኪያጣ ድረስ ምንም አይሰማም።

የቴስላ ችግር ክብደትም ከዚህ ይመጣል። አብዛኛው መኪና ላይ ቸርኬው ውስጥ፣ ከቫልቩ ጋር የተያያዘ ትንሽ ሴንሰር አለ። ባትሪው ውስጡ የታሸገ ስለሆነ አይቀየርም። ባትሪውን ለመቆጠብ መኪናው ሲቆም መልእክት መላክ ያቆማል ወይም ያዘገያል፤ ጎማው ሲዞር ነው የሚነቃው። መኪናው ሲነሣ ታዲያ አዲስ ልኬት እስኪደርስ ድረስ ትናንት የታየው ጉድለት መታወስ አለበት። ሕጉም ግፊቱ ከድንበሩ በታች እስከሆነ ድረስ መብራቱ በርቶ ይቆይ ይላል። ማታ በርቶ ያየነው ጠዋት ጠፍቶ ካገኘነው፣ “ብርዱ ነው፣ አለፈ” ብለን መንገድ እንገባለን። ሚስማር የወጋው ጎማ ቢሆንስ?

ካናዳ ይህን መሣሪያ በሕግ አላስገደደችም። ብዙዎቹ መኪኖቻችን ያላቸው ለአሜሪካም ገበያ አብረው ስለሚሠሩ ነው። የክረምት ጎማንም ኬቤክ ከዲሴምበር 1 እስከ ማርች 15 ስታስገድድ ኦንታሪዮ ለሾፌሩ ትታዋለች። ብዙ ሰው ለክረምት ሁለተኛ ቸርኬ ሲገዛ ወጪ ለመቀነስ ሴንሰሩን ይተወዋል። መብራቱ መኪናው ሲነሣ ከአንድ ደቂቃ በላይ ብልጭ ድርግም ይልና በርቶ ይከርማል። እኔ ይህን አልመክርም፤ ዓይን ለአራት ወር የለመደውን ቢጫ በአምስተኛው ወር አያየውም። ሴንሰሩን ማስገጠም የማይቻል ከሆነ በእጅ የሚያዝ ርካሽ መለኪያ ገዝቶ በየሁለት ሳምንቱ ጠዋት፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ መለካት ነው። ትክክለኛው ቁጥር በሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል፤ ጎማው ላይ የተጻፈው ጎማው ሊሸከም የሚችለው የመጨረሻ ጣሪያ ስለሆነ በእሱ አይሞላም። ሴንሰሩም ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ገደማ አገልግሎ ባትሪው ያልቃል፤ አሮጌ መኪና የገዛ ሰው ጎማ ሲያስቀይር አብሮ ቢያስፈትሸው ጥሩ ነው።

ያገለገለ መኪና የሚገዙ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ሥራ አለባቸው። በካናዳ የሞተር ተሽከርካሪ ደኅንነት ሕግ መሠረት ኩባንያው ጉድለት ሲያገኝ ለመንግሥትና ለባለንብረቱ ማሳወቅ አለበት፤ በ2018 የተሻሻለው ሕግ ደግሞ ሚኒስትሩ ራሳቸው ሪኮል እንዲያዙ ሥልጣን ሰጥቷቸዋል። ይሁንና ደብዳቤው የሚሄደው ኩባንያው መዝገብ ላይ ወዳለው አድራሻ ነው። መኪናው ሁለት ሦስት እጅ ከተቀያየረ ደብዳቤው የቀድሞው ባለቤት ፖስታ ሳጥን ውስጥ ሊቀር ይችላል። ያልተሠራው ጥገና ግን ከመኪናው ጋር አብሮ ይዞራል። የሻንሲ ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ነው፤ በሾፌሩ በኩል ከፊት መስታወቱ ግርጌና እኛ ሊብሬ በምንለው የባለቤትነት ወረቀት ላይ ይገኛል። ይህን ቁጥር ለመኪናው አምራች ወይም ለወኪሉ ሰጥቶ “ያልተሠራ ሪኮል አለበት?” ብሎ መጠየቅ የደቂቃዎች ሥራ ነው። ከመግዛት በፊት ቢሆን ይመረጣል፤ ካለፈ ደግሞ ዛሬ።