ፍርሃትም መጽናናትም የሚማር አንጎል

በጉና ተራራ አጠገብ በተቆረቆረችው በደብረ ታቦር ከተማና በዙሪያዋ ባሉት የደቡብ ጎንደር ደጋዎች፣ ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው የቡሄ በዓል ገና ሳይደርስ እረኞቹ ጅራፋቸውን መግመድ ይጀምራሉ፤ ጅራፉም ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ነውና፣ በራስ ላይ አዙረው ድንገት ሲመልሱት ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ስለሚወረወር ጩኸቱ ከሸለቆ ሸለቆ ያስተጋባል። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያንም ይህ ጩኸት በታቦር ተራራ ከደመናው የተሰማው የአብ ድምፅ ምሳሌ መሆኑን ያስተምራሉ፤ ወንጌሉ ደግሞ ደቀ መዛሙርቱ ያን ድምፅ ሰምተው በፍርሃት በግንባራቸው እንደ ወደቁ፣ ጌታም ዳስሶ እንዳስነሣቸው ይተርካል።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ግን፣ በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሣው ጦርነት በጋይንት አልፎ ወደ ደብረ ታቦር በቀረበ ጊዜ፣ ከባድ መሣሪያ በመኖሪያ ቤቶች ላይ ወድቆ ሰላማውያን ሰዎችን ገደለ። ከዚያ ወዲህ ጅራፍ በጮኸ ቍጥር ልቡ የሚመታ፣ ላብ የሚያጠምቀው፣ ልጆቹን ሰብስቦ በር የሚዘጋ ሰው ቢኖር፣ ፈሪ ሊባል አይገባውም፤ አንጎሉ በመከራ የተማረውን በታማኝነት ጠብቆ ይዟልና።

የተፈጥሮ ሊቃውንት ይህን ነገር በአይጥ መርምረውታል። አንድን ድምፅ አሰምተው ወዲያው እግሯን በኤሌክትሪክ ቢነዝሯት፣ ይህንም ጥቂት ጊዜ ቢደጋግሙት፣ አይጢቱ ከዚያ በኋላ ድምፁን ብቻ ሰምታ ባለችበት ደርቃ ትቀራለች። ድምፁንና ሥቃዩን የሚያቈራኘው፣ በአንጎል ውስጥ ጠለቅ ብሎ የሚገኘው አሚግዳላ የተባለው ትንሽ ክፍል ነው፤ በዚያም የነርቭ ሕዋሳት መገናኛ እንዲጠነክርና ትምህርቱ እንዲጸና የሚያደርግ አንድ ፕሮቲን አለ፤ ስሙም በአጭሩ ቢ.ዲ.ኤን.ኤፍ. ይባላል። ፕሮቲኑ የሚያርፍበት ተቀባይ በአሚግዳላ ውስጥ ሲታገድ፣ ፍርሃቱ በትዝታ ሳይጸና ይቀራል።

የዚህ ዓይነት፣ ነርቭን የሚያሳድጉ ፕሮቲኖች ምርምር የተጀመረው የነርቭ አሳዳጊ የተባለውን ፕሮቲን ባገኙት በሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒና በስታንሊ ኮኸን ሲሆን፣ እነርሱም በ1986 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ቢ.ዲ.ኤን.ኤፍ.ን ደግሞ በ1982 እ.ኤ.አ. ባርድና ቴነን ከአሳማ አንጎል አጥርተው አወጡት፤ አንድ ኪሎ ተኩል ከሚመዝን አንጎል ያገኙት የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ያህል ብቻ ነበረ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ግን ይህ ነው፦ ያው ፕሮቲን ፍርሃትን እንደሚያጸና ሁሉ መጽናናትንም ያጸናል። አይጢቱ ያንኑ ድምፅ ያለ ሥቃይ ደጋግማ ብትሰማ መደንገጧን ቀስ በቀስ ትተዋለች። በ2010 እ.ኤ.አ. በፖርቶ ሪኮ የነበሩ ተመራማሪዎች ቢ.ዲ.ኤን.ኤፍ.ን በግንባር በኩል ወዳለው የአንጎል ክፍል ቢጨምሩ፣ እንዲህ ያለው ልምምድ እንኳ ሳይደረግ የአይጦቹ ፍርሃት ቀነሰ፤ ይሁን እንጂ የቀድሞው ትዝታ አልተፋቀም፣ ሥቃዩ ቢመለስ ፍርሃቱም ይመለስ ነበርና። ስለዚህ መጽናናት ማለት የሆነውን መርሳት ሳይሆን፣ በአሮጌው ትምህርት ላይ አዲስ ትምህርት መማር ነው።

አዲሱን ትምህርት ለመቀበል ሰው ሁሉ እኩል አይፈጥንም፤ ይህን ፕሮቲን በሚመለከተው ዘረ-መል ላይ ጥቂት ለውጥ ይዘው የሚወለዱ ሰዎች ፍርሃቱ ቶሎ እንደማይለቃቸው ታይቷል። በሌላ በኩል የሰውነት እንቅስቃሴ ፕሮቲኑን ያበረታል፤ በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት አንድ ዓመት ሙሉ በእግር የተመላለሱ አረጋውያን፣ ለትዝታ የሚያገለግለው፣ ሂፖካምፐስ የተባለው የአንጎል ክፍል 2 በመቶ ያህል አድጎላቸዋል።

እንግዲህ የተደናገጠውን ሰው «በርታ፣ እርሳው» እያሉ መገሠጽ ጥቅም የለውም፤ የሚጠቅመው ሰላም ባለበት ስፍራ፣ ከሚያምነው ሰው ጋራ፣ የሚፈራውን ነገር በራሱ ፈቃድ በጥቂት በጥቂቱ እንዲለማመደው መርዳት ነው። የንስሐ አባትም ጭንቀቱን ሰምተው ሲያጽናኑት ወደ ሐኪም እንዲሄድም ይምከሩት፤ ጠበል መጠመቅ ሕክምናን አያስቀርምና። ዳሩ ግን አንጎል ደኅንነትን ሊማር የሚችለው ደኅንነት በእርግጥ ሲኖር ስለ ሆነ፣ ለዚህ ሕዝብ ከመድኃኒት ሁሉ የሚቀድመው መድኃኒት የጸና ሰላም ነው።