ቀን የተጻፈበት እንቁላል

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። ከቤታችን ግን እንቁላል የሚሄደው በቅርጫት ነው፤ ወደ ገበያ። ለጨው፣ ለሳሙና፣ ለደብተር መግዣ እንሸጠዋለን። መሸጡ ክፉ አይደለም። ክፋቱ ሁሉም ተሸጦ ለልጅ አንድ እንኳ ሲጠፋ ነው።

አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። ፕሮቲን ሰውነትን ይገነባል። ለሚያድግ ልጅና ለነፍሰ ጡር ሴት በጣም ያስፈልጋል። ስለዚህ ዛሬ እንቁላል ለቤተሰብም ለእንግዳም ጣፍጦ የሚቀርብበትን ዘዴ እንነጋገር።

መጀመሪያ እንምረጥ። ዶሮዋ በጣለች ቁጥር ቀኑን ቅርፊቱ ላይ በእርሳስ እንጻፍ። መጻፍ ተምረናል፤ ታዲያ እዚህ ካልተጠቀምንበት የት ልንጠቀምበት ነው? ቀኑ ያልተጻፈበትን በውሃ እንፈትን። አዲስ እንቁላል ሰምጦ ይጋደማል። ሰንበት ያለው ሰምጦ ይቆማል። የሚንሳፈፈውን ግን አንብላው፤ በጣም የቆየ ነው። ለቅቅል አንድ ሳምንት የሆነው ይሻላል። ዛሬ የተጣለ እንቁላል ሲላጥ ያስቸግራል።

አሁን 6 እንቁላል እንቀቅል። ውሃው ከፈላ በኋላ 12 ደቂቃ እንተወው። ደጋ ላይ ከሆንን 15 ደቂቃ ይሁን። ምክንያቱ ምንድን ነው? በባሕር ጠረፍ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ደጋ ግን በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሙቀቱ ስለሚያንስ መብሰያው ይረዝማል።

ከእሳት እንዳወጣነው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እንክተተው። ያን ጊዜ ቅርፊቱ በቀላሉ ይለቃል፤ አስኳሉም ዙሪያውን አይጠቁርም።

በአሜሪካ አገር ቅቅል እንቁላልን ለሁለት ሰንጥቀው አስኳሉን በስናፍጭ ይለውሱታል። ከዘይትና ከእንቁላል የተመታ ማዮኔዝ የሚባል ማባያም ይጨምሩበታል። ምግቡን ዴቪልድ ኤግ ይሉታል። ዴቪል ማለት ሰይጣን ነው፤ ስሙ የወጣለት ስለሚያቃጥል ነው። ስናፍጩ እኮ እኛም ቤት አለ! በማዮኔዝ ፋንታ የተነጠረ ቅቤ እናድርግ።

አሠራሩ ይሄ ነው። እጃችንን በሳሙና እንታጠብ። እንቁላሉን ልጠን በቁመቱ ለሁለት እንሰንጥቅ። አስኳሉን አውጥተን በሹካ እናድቅቀው። 2 የሾርባ ማንኪያ ቅቤ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ስናፍጭ፣ አንድ ደቆ የተከተፈ ቃሪያና ትንሽ ጨው ጨምረን እንለውሰው። ልውሱን ወደ ነጩ ጉድጓድ እንመልሰው። ከላይ ሚጥሚጣ ነስነስ እናድርግበት። ከ6 እንቁላል 12 ግማሽ ይወጣል። እንግዳ ቢመጣ ከቡና በፊት ደህና መቅመሻ ነው። ከተሠራ በኋላ ግን ከ2 ሰዓት በላይ ውጭ አይቆይ፤ ይበላሻል።

ስድስት ወር ለሞላው ሕፃን ቅመም አንጨምር። በደንብ የበሰለውን እንቁላል አድቅቀን በጡት ወተት ወይም በፈላ ውሃ አላልተን እናብላው።

በሚቀጥለው የገበያ ቀን ቅርጫቱን ከማንሳታችን በፊት እንቁላሎቹን እንቁጠር። ለልጆቹ የሚቀሩትን ለይተን በእያንዳንዱ ላይ የልጁን ስም እንጻፍበት። ስም የተጻፈበት እንቁላል ገበያ አይሄድም።