ትምህርታቸውን ቀድመው ስለሚፈጽሙ ተማሪዎች

አንዳንድ የነጋዴ ልጆች ክረምቱን ጭምር ተምረው ከኮሌጅ ቀድመው ለመውጣት የሚተጉት ስለ ምንድን ነው? በክሬዲት ሰዓት በሚያስከፍል ኮሌጅ ከትምህርት ክፍያው የሚቀነስላቸው የለም፤ የክሬዲቱ ብዛት ያው ነውና። ትርፉ የሚገኘው ከቤት ኪራይና ከቀለብ፣ ይልቁንም ቀደም ብሎ ከሚጀመረው ሥራ ነው። በጅጅጋ መደብር ወይም በቶጎ ውጫሌ መጋዘን አባቱ ሒሳብ ያዥ አጥቶ ለሚጠብቀው ልጅ፣ መጋዘን የከረመ ዕቃ ገንዘብ እንደሚያስር ሁሉ፣ የዘገየች ዓመትም ኪሳራ ናት።

ነገር ግን ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ለመጀመሪያ ዲግሪ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግድ ስለ ሆነ፣ ኮርሱን ቀድሞ የጨረሰ ሁሉ ቀድሞ አይመረቅም፤ ፈተናው የሚሰጥበትን ወቅት ይጠብቃል። እንግዲህ ዲግሪ ለሚያሻው ሥራ ወጣት የምትቀጥሩ ነጋዴዎች፣ ቀን ከመቁረጣችሁ በፊት ይህንኑ ጠይቃችሁ ተረዱ።