ፊቱ የኔ፣ ድምፁ የኔ፤ ፊልሙስ የማን ነው?

በክሊኒካችን ስለ ስኳር በሽታ አጭር የአማርኛ ፊልም ቀርጸን ነበር። ኢንሱሊን መውጋት እንዴት እንደለመዱ የነገሩን አንዲት እናት ቀረጻው ሲያልቅ «ፊቱ የኔ፣ ድምፁ የኔ፤ ፊልሙስ የማን ነው?» ብለው ጠየቁን። እኛ ነርሶቹ እርስ በርስ ተያየን። መልሱን ለማግኘት ሕጉን ማንበብ ነበረብን።

የእስራኤል የቅጂ መብት ሕግ፣ ዝኹት ዮጽሪም የሚባለው፣ የወጣው በ2007 ነው። መነሻው ቀላል ነው፤ መብቱ ሥራውን የፈጠረው ሰው ነው፣ መመዝገብም አያስፈልግም። ፊልም ግን የብዙ ሰው ሥራ ነው። ድርሰቱን የጻፈ፣ ያዘጋጀ፣ ካሜራ የያዘ፣ ገንዘብ ያወጣ አለ። በእንግሊዝ አገር ሕጉ ፕሮዲውሰሩንና ዋናውን ዳይሬክተር የፊልሙ ፈጣሪዎች ብሎ ይሰይማል። የእኛ አገር ሕግ ግን እንዲህ ለይቶ ስላልጻፈ፣ የሚታየው የፈጠራውን ሥራ በተግባር ማን እንደሠራ ነው። ገንዘብ መክፈል ብቻውን ፈጣሪ አያደርግም። የደረሰብንን መናገርም እንዲሁ፤ በሱዳን በኩል የተጓዝንበት ታሪክ ራሱ የማንም ንብረት አይደለም፣ ሕጉ የሚጠብቀው የቀረበበትን መልክ ነው።

ተቀጣሪ ለሥራው ሲል በሥራው ጊዜ የሠራው፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የአሠሪው ነው። ስለዚህ የኛ ፊልም የአሠሪያችን ሆነ። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቅር ብሎናል። ሆኖም የፈጣሪው ስም እንደ ሁኔታው በተገቢው መንገድ እንዲጠቀስ የመጠየቅ መብት ለሌላ አይተላለፍም። ልጅዎ ሳይቀጠር በትእዛዝ ፊልም ከሠራ ደግሞ፣ በሌላ ካልተስማሙ በቀር መብቱ የልጅዎ ነው።

ሰርግስ? ከፍለን ያስነሳነው የቤተሰብ ፎቶግራፍ፣ ውሉ ሌላ ካላለ፣ የኛ የአዛዦቹ ነው። ሕጉ ይህን ሲል የሚጠራው ፎቶግራፍን ስለሆነ፣ ለቪዲዮው «መብቱ ወደ እኛ ይተላለፋል» የሚል ቃል በሖዜው ላይ ይጻፍ። የባለቤትነት መብት የሚተላለፈው በጽሑፍ ነው፤ የቃል ተስፋ አይበቃም።

ወደ እናታችን እንመለስ። ፊልሙ የሳቸው ባይሆንም የ1981 የግል ሕይወት ጥበቃ ሕግ አለላቸው። ያለ ፈቃዳቸው ስለ ጤናቸው ማሳተም፣ ፊታቸውን ወይም ድምፃቸውን ለትርፍ መጠቀም ክልክል ነው። የፈቃድ ወረቀት የምናስፈርመው ለዚህ ነው፤ ወረቀቱ ግን በዕብራይስጥ ነበር። በአማርኛ እስክናነብላቸው እምቢ አሉ። ከዚያም «ለማስታወቂያ» የምትለዋን ቃል አሰርዘው ፈረሙ።